ከፊደሉ በፊት ልጅቱ
(በዕድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)




 በዚህ ስብሰባ ላይ በየዓመቱ የምንሰማው የገንዘብ ያዡ ሪፖርት፣ የድንኳንና የወንበር ቆጠራ፣ ቀብር የቀሩ ሰዎች የመቀጫ ዝርዝር ነው። ዘንድሮ ኮሚቴው እኛን ባልና ሚስት ጠርቶ «ሕፃናትን በቤት ስለ ማስተማር አንድ ነገር ተናገሩ» ሲለን ግር ብሎን ነበር። ዕድር ለለቅሶ የተቋቋመ ማኅበር ነው። የለቅሶ ድንኳንንና የአራት ዓመት ልጅን ምን አገናኛቸው? ብለን ጠይቀናል። ከእናንተም መካከል ይህንኑ የሚጠይቅ እንደማይጠፋ እናውቃለን።

ቆይተን ስናስበው ግን ይገናኛሉ። ዕድራችን የሞተው ሰው በወግ እንዲቀበር ሲጨነቅ ኖሯል። ከሞተው ሰው ኋላ የሚቀረውን ሕፃን ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚያሳድገው አያት፣ አክስት ወይም ጎረቤት ነው። ይኸውም ያው የዕድር ሰው ማለት ነው። እናት አባቱ በሕይወት እያሉ ለሥራ ርቀው የሄዱበት ልጅም በየቤታችን አለ። ስለዚህ ነገሩ የእኛው ጉዳይ ነው።

አንድ ነገር ግን አስቀድመን እንናገር። እኛ መምህራን አይደለንም። ከሁለታችን ወንዱ ዕድሜውን የጨረሰው በቡና መጋዘን ጆንያ በመቁጠርና በመመዘን ነው፤ ሴቷ ደግሞ በዚያው መጋዘን ቡና ስትለቅም ነው የኖረችው። እዚህ የቆምነው ስላወቅን ሳይሆን ስላጠፋን ነው። ጥፋታችንን ሰምቶ አንድ ሰው እንኳ ከዚያው ጥፋት ቢድን ለእኛ ትልቅ ነገር ነው።

ያጠፋነው ጥፋት

እንደምታውቁት ልጃችን ሥራ ፍለጋ ወደ ቤይሩት ከሄደች ወዲህ የልጅ ልጃችንን የምናሳድገው እኛ ነን። እናቷ ስትሄድ ልጅቱ የሁለት ዓመት ከመንፈቅ ነበረች። አራት ዓመት ሲሞላት አንድ መዋዕለ ሕፃናት አስገባናት፤ ስሙን መጥራት አያስፈልግም። ክፍያው በአንድ ዓመት ሁለት ጊዜ ጨመረ። ከቤይሩት የሚላከው ገንዘብ ደግሞ አንዱን ወር ይመጣል፣ አንዱን ወር ይቀራል። አስወጣናትና «እቤት እናስተምራታለን፤ ምን ችግር አለው!» አልን።

እቤት ማስተማር ማለት ለእኛ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ፊደል ማስቆጠር። የፊደል ገበታ ገዝተን ግድግዳ ላይ ሰቀልን። 33ቱ ፊደላት እያንዳንዳቸው በሰባት ድምፅ ሲነበቡ 231 ይሆናሉ። እነዚህን በሦስት ወር እንድትጨርስ ቀን ቆረጥን። ማታ ማታ ከራት በፊት «ተቀመጪ፣ በይ፣ ድገሚ» ሆነ ሥራችን። ስትሳሳት ጣቷን በጨንገር ትመታለች። የመታት ወንዱ ነው፤ ሴቷ ግን አላስጣለችም። ስለዚህ ጥፋቱ የሁለታችን ነው።

በአንድ ወር ውስጥ እስከ «መ» ቤት ድረስ በቃሏ ያዘች። ደስ አለን። እንግዳ ሲመጣ «በይ እስቲ አሰሚ» እያልን እናስቆማት ነበር። አንድ ቀን ግን ከገበታው መሐል «ለ»ን ብቻ ነጥለን «ይቺ ማን ናት?» ብንላት አላወቀቻትም። ከ«ሀ» ጀምራ እያዜመች ካልወረደች «ለ» ጋ አትደርስም። ለካ የያዘችው ዜማውን ነው፣ ፊደሉን አልነበረም። እኛ ግን ይህን እንደ ማስተዋል ተናደድን፤ ያን ማታ ዱላው ባሰ።

ከዚያ በኋላ ደብተር ሲወጣ ስታይ አልጋ ሥር መግባት ጀመረች። ሌሊት መኝታዋ ላይ መሽናት ከተወች ዓመት አልፏት ነበር፤ ተመለሰባት። እኛም «እልኸኛ ሆነች» አልን።

አንድ እሑድ እናቷ ደውላ «ትምህርት እንዴት ነው የኔ እናት?» ብትላት፣ «እኔ ደደብ ነኝ፤ አላውቅም» ብላ መለሰችላት። ይህን ቃል ከየት አመጣችው? ከሌላ ከየትም አይደለም፤ ከእኛው አፍ ነው። እናትየው ከማዶ ስታለቅስ ሰማናት። ስልኩ ከተዘጋ በኋላ እኛ ሁለታችን ሳንነጋገር ብዙ ተቀመጥን። በማግሥቱ ገበታውን ከግድግዳው አወረድነው።

«እኛስ በዱላ አይደል የተማርነው?»

ይህን የሚለን ዕድርተኛ እንዳለ እናውቃለን፤ እኛም ስንለው ኖረናልና። እስቲ የድሮውን ትምህርት ረጋ ብለን እንየው።

የቄስ ትምህርት ቤት የገባ ልጅ ሀሁ ይቆጥራል፣ አቡጊዳ ይላል፣ መልእክተ ዮሐንስ ያነብባል፣ ዳዊት ይደግማል። ዳዊት የደገመ ዕለት ቤተሰቡ ደስታውን በድግስ ይገልጻል። በጅማና በዙሪያዋ ደግሞ የቁርአን ቤት አለ። ልጁ በእንጨት ሰሌዳ ላይ ከጥላሸት በተሠራ ቀለም ይጻፍለታል። ያን በቃሉ ሲይዝ ሰሌዳው ይታጠብና አዲስ ይጻፍበታል። በእነዚህ በሁለቱም ቤቶች አርጩሜ ነበረ፤ አልካድንም። ሆኖም ያስተማረው አርጩሜው ነው ወይ?

እኛ እንደሚመስለን ያስተማረው ሌላ ነገር ነው። አንደኛ፣ ልጁ ብቻውን አልነበረም። የቀደመው ልጅ የኋለኛውን ያስቀጽላል፤ ትንሹም ትልቁን እያየ ይጓጓል። ሁለተኛ፣ ቀን አልተቆረጠለትም። ልጁ የያዘውን ሳያጸና ወደሚቀጥለው አይሻገርም፤ ሰሌዳውም የሚታጠበው ልጁ ሲያውቀው እንጂ ሦስት ወር ሲሞላ አይደለም። ሦስተኛ፣ ዱላውን ሸሽተው ከመንገድ የቀሩት ልጆች ዛሬ መጥተው አይመሰክሩም። የምንሰማው የዘለቁትን ብቻ ነው። እኛ ለልጃችን ከድሮው ትምህርት ወስደን የሰጠናት ዱላውን ነው፤ ጓደኛውንና ጊዜውን ግን ነፈግናት።

ሌላም ምስክር አለን። በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲታወጅ፣ ከሁለታችን ሴቷ ፊደል ያልቆጠረች የቡና ለቃሚ ነበረች። ዘመቻው ኋላ በ15 ቋንቋዎች የተካሄደ፣ አገራችንንም ዓለም አቀፍ ሽልማት ያስገኘ ነው። ቀን ቡና ለቅማ ማታ እየተማረች ማንበብና መጻፍ ቻለች። ያስተማራት ዘማች በዕድሜ ከእርሷ የሚያንስ ልጅ ነበር። ስትሳሳት «ምንም አይደል፣ እንደገና ይሞክሩ» ይላት ነበር። አንድ ቀን እንኳ ሊመታት ይቅርና ድምፁን ከፍ አላደረገባትም። ታዲያ የሃያ ዓመት ሴት ሳትመታ ከተማረች፣ የአራት ዓመት ሕፃን ለምን ተመታች? መልሱ ያሳፍራል። ሕፃኗ መልሳ መምታት ስለማትችል ነው።

ትምህርት ቤቱ አለ፤ ቤትም አለ

«መንግሥት ትምህርት ቤት ከፍቶ የለም እንዴ?» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፣ ብዙ ተሠርቷል። በአገራችን መዋዕለ ሕፃናት የተጀመረው በ20ኛው መቶ ዓመት መባቻ በድሬዳዋ ለባቡር ኩባንያ የውጭ አገር ሠራተኞች ልጆች ነበር ይባላል። ለረጅም ጊዜም የከተማና የባለ ገንዘብ ነገር ሆኖ ቆየ። በ2002 ዓ.ም. ስለ ሕፃናት እንክብካቤና ትምህርት የፖሊሲ ማዕቀፍ ወጣ። ከዚያ ወዲህ በመንግሥት ትምህርት ቤቶች «ኦ ክፍል» የሚባለው ተስፋፋ፤ ታላላቆቹ ተማሪዎች ታናናሾቹን የሚያጫውቱበት «ከልጅ ለልጅ» የሚባለውም አሠራር ተጀመረ። በ2015 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ደግሞ የቅድመ አንደኛን ትምህርት ሁለት ዓመት አድርጎታል።

ይሁንና ልጁ ትምህርት ቤት ከመድረሱ በፊት ያሉት አራትና አምስት ዓመታት ያው የቤት ናቸው። አንጎል በብርቱ የሚያድገው ደግሞ በእነዚሁ ዓመታት ነው። ክፍል ውስጥ መግባትም ብቻውን አያነብብም። በ2002 ዓ.ም. በስምንት ክልሎች የተማሪዎች የንባብ ችሎታ ሲፈተሽ፣ ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ሲሦው ያህል አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም ነበር። እነዚያ ልጆች ትምህርት ቤት ሄደዋል፤ ፊደልም ቆጥረዋል። እንግዲህ ከፊደሉ በፊት መምጣት የነበረበት አንድ ነገር ጎድሏል ማለት ነው።

ገበታውን ካወረድን በኋላ ያደረግነው

ለሁለት ሳምንት ያህል ምንም አላስተማርናትም። ከዚያ በኋላ ያደረግነው ሁሉ በቤታችን ውስጥ የነበረ ነው፤ አንድ ብር አልወጣበትም። እንደሚከተለው እንዘርዝረው።

የመጀመሪያው አፍ ነው። በሥራ ላይ እያለን ከእርሷ ጋር ማውራት ጀመርን። «ቡናው ምን ምን ሸተተ? ጀበናው ለምን ጮኸ? ዛሬ ዝናቡ ከየት በኩል መጣ?» እንላለን። ቀድሞ ለልጅ የምናወራው «ተነሺ፣ ተይ፣ ዝም በይ» ብቻ ነበር። አሁን ስትጠይቅ እንመልሳለን፤ ስንጠይቃት ደግሞ እስክትመልስ እንጠብቃለን። መጠበቁ ነው የከበደን። ትንሽ ልጅ አንድ ነገር ለመናገር ብዙ ያስባል። ትልቅ ሰው ግን ቸኩሎ ከአፏ ይነጥቃታል።

ማታ ተረትና እንቆቅልሽ መጣ። የዕድሜ እኩዮቻችን አባባ ተስፋዬን ታስታውሳላችሁ። ክቡር ተስፋዬ ሳህሉ ከአርባ ዓመት በላይ በቴሌቪዥን ለኢትዮጵያ ልጆች ተረት ነገሩ፤ በ2009 ዓ.ም. ሲያርፉም ያዘነው ሽማግሌው ጭምር ነው። ቴሌቪዥን በሌለበት ቤት ልጆች ባለው ቤት ደጃፍ ተኮልኩለው ያዳምጡ ነበር። ከ1999 ዓ.ም. አካባቢ ጀምሮ ደግሞ «ፀሐይ መማር ትወዳለች» በሚለው ፕሮግራም ቀጭኔዋ ብዙ ሕፃናትን አስተምራለች። ይሁን እንጂ ቴሌቪዥን መልሶ አይሰማም። አያት ተረት ሲነግር ልጁ «ከዚያስ?» ይላል፤ ደግሞም ያርመዋል። የእኛዋ «ትናንት ጅቡ ወደ ወንዝ ነው የሄደው ብላችሁኛል» እያለች ታፋጥጠን ጀመር። ይህቺ ናት «አላውቅም» ያለችው ልጅ!

ሁለተኛው ጆሮ ነው። ፊደል ከማየት በፊት ድምፅን መለየት ይቀድማል። «በ‹ቡ› የሚጀምር ምን አለ?» እንላለን፤ «ቡና፣ ቡችላ፣ ቡሄ» ትላለች። በመንገድ ስንሄድ እንጫወተዋለን። አንዳንድ ጊዜ «ቡ… እማማ!» ብላ ትስቃለች፤ እኛም እንስቃለን። ሳትመታ መሳሳት እንደሚቻል ያወቀችው በዚህ ጨዋታ ነው።

ሦስተኛው እጅ ነው። እርሳስ ይዛ ስትጽፍ እጇ ይንቀጠቀጥ የነበረው ሰንፋ አልነበረም፤ ጣቶቿ ገና አልጠነከሩም ነበር። ስለዚህ እርሳሱን አቆየነውና ሊጥ እንድትለነቁጥ፣ ምስር እንድትለቅም፣ ጭቃ እንድታቦካ፣ ቅልልቦሽ እንድትጫወት ተውናት። ሴቷ ዕድሜዋን በሙሉ ያደረገችውን የቡና ለቀማ አስተማረቻት። ጥቁሩን ፍሬ፣ የተሰበረውን፣ ነቀዝ የበሳውን፣ ጥሩውን፣ ሁሉንም በየሰፌዱ ትለያለች። ይህ ለልጅ ጨዋታ ነው፤ ለጊዜው ነው እንጂ ሥራ ይሁንባት አላልንም። አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አለ። ትንሽ ልጅ የቡና ፍሬ አፍንጫው ወይም ጆሮው ውስጥ ይከታል፤ ሊያንቀውም ይችላል። ከሦስት ዓመት በታች ላለ ልጅ ፍሬ አይሰጥም፤ ከፍ ያለውም ሰው አጠገቡ ሳይኖር አይተውም። ከፍም፣ ከጀበናና ከፈላ ውሃም አርቁ።

አራተኛው ቁጥር ነው። ቁጥር በቤታችን ሞልቷል፤ የማናየው እኛ ነን። ቡና ሲፈላ አቦል አንድ፣ ቶና ሁለት፣ በረካ ሦስት። ረከቦቱ ላይ ስድስት ስኒ ካለና እንግዶቹ አራት ከሆኑ ስንት ስኒ ይተርፋል? የጅማ በርጩማ ሦስት እግር አለው፤ ወንበሩ ግን አራት። «በርጩማው በሦስት እግሩ ለምን አይወድቅም?» ብላ ጠየቀችን። መልሱን አላወቅንም። «ነይ እናውቀው» አልናትና ወጣ ገባ ባለው በጓሯችን ሁለቱንም አስቀመጥናቸው። ወንበሩ ተንገዳገደ፤ በርጩማው ግን ጸንቶ ቆመ። ሦስት እግር ምንጊዜም መሬት ይነካል፤ አራተኛው ግን አንዳንዴ አየር ላይ ይቀራል። በዚህ ዕድሜያችን ይህን ያወቅነው ከአራት ዓመት ልጅ ጋር ሆነን ነው።

ስለ ቁጥር ካነሣን አንድ ነገር እንንገራችሁ። ባለፈው ክረምት አንድ ጎረቤታችን ያረፉ ጊዜ የዕድራችን ድንኳን ሲተከል ልጅቱን ይዘናት ነበር። ወንበሮቹን በረድፍ እየቆጠረች እስከ ሃያ ደረሰች። ከዚያ ባዶ የቀረውን አንዱን ወንበር አይታ «እማማ፣ ይሄ የሞቱት አባባ ወንበር ነው?» አለች። በፊት ቢሆን «ዝም በይ» ብለን እንቆነጥጣት ነበር። አሁን ግን ቁጭ አልንና ነገርናት። መሞት ምን እንደሆነ፣ ሰው ለምን እንደሚያለቅስ፣ ዕድርተኛ ለምን እንደሚሰበሰብ በገባት መጠን ነገርናት። ትንሽ ዝም ብላ «እናቴስ ትመጣለች?» አለችን። ይህን ጥያቄ ስንት ጊዜ በልቧ ይዛው እንደነበር ማን ያውቃል! «እናትሽ ሩቅ አገር ናት እንጂ አልሞተችም፤ በስልክ የምታወሪያት እርሷው ናት» አልናት። ልጅን ማስተማር ይህንንም ይጨምራል።

አምስተኛውና የመጨረሻው ፊደል ነው። መጨረሻ ላይ የመጣው እርሷ ስለጠየቀች ነው። «የኔ ስም እንዴት ይጻፋል?» አለች። ከስሟ ጀመርን፤ ቀጥሎ የእናቷ ስም፣ ቀጥሎ «ቡና»። አመድ ላይ በጣቷ፣ ደጅ በከሰል ትጽፋለች። በቀን ከሩብ ሰዓት አናስበልጥም፤ «በቃኝ» ስትል በቃ ነው። «ሀ ሐ ኀ»፣ «ሰ ሠ» የሚባሉትን አንድ ዓይነት ድምፅ ያላቸውን ለጊዜው አላነሣንባትም። እነዚህ ትልቁንም ሰው ያስቸግራሉ።

የሁለት ቋንቋ ነገር

በከተማችን ሌላ ጭንቀት አለ። እቤታችን የምንናገረው አማርኛ ነው። የጎረቤት ልጆች ጨዋታቸው አፋን ኦሮሞ ነው። የምትገባበትም ትምህርት ቤት የሚያስተምረው በአፋን ኦሮሞ፣ የሚጽፈውም በቁቤ ነው። ቁቤ የአፋን ኦሮሞ መጻፊያ እንዲሆን የተወሰነው በ1984 ዓ.ም. ነው፤ እኛ ደግሞ የምናውቀው የግዕዙን ፊደል ብቻ ነው። «ግራ እናጋባታለን፤ አንዱን እንተውላት» ብለን ነበር።

ከዚህ ያወጣችን ጎረቤታችን ናት። ልጅቱ «አዳዳ» ትላታለች፤ የአባት እህት ማለት ነው። «እናንተ የምታውቁትን ቋንቋ በደንብ ስጧት፤ የእኛን ለእኔ ተዉት» አለችን። ከዚያ ወዲህ ከሰዓት በኋላ እርሷ ዘንድ ትውላለች። ሂቦ ይጠያየቃሉ፤ እንቆቅልሽ ማለት ነው። ቶኮ፣ ለማ፣ ሰዲ እያለች ስኒ ትቆጥራለች። አፋን ኦሮሞ ድምፁ ሲያጥርና ሲረዝም ትርጉሙ ይለወጣል። አጭሩ «ለፈ» መሬት ሲሆን፣ የሚረዝመው «ላፋ» ለስላሳ ነው። ቁቤም ይህንኑ ርዝመት አናባቢውን ደግሞ በመጻፍ ያሳያል። ይህን በጆሮው ያልለየ ልጅ በጽሑፍም አይለየውም። ልጅቱ ግን በጨዋታ ለየችው፤ እኛን ስታርመን ትውላለች። በአንዱ ቋንቋ መቁጠርን ያወቀ ልጅ በሌላው የሚማረው ስሙን ብቻ ነው፤ ሦስትነቱን አስቀድሞ ያውቀዋል። በቤታችሁ ዳውሮኛም ይነገር፣ ከፍኛም፣ የምኛም፣ ለልጁ የምታወሩለት በደንብ በምትችሉት ቋንቋ ይሁን።

በዚችው ከተማችን የታየ ነገር

ይህን ሁሉ በራሳችን ቤት ካየን በኋላ በጅማ ዩኒቨርሲቲ የሚሠራ አንድ የጎረቤት ልጅ አንድ ጥናት ነገረን። የዩኒቨርሲቲው ተመራማሪዎች ከቤልጂግ ባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው በዚችው በጅማ ከተማ እጅግ ድሃ በሆኑ ቤተሰቦች ውስጥ የሚያድጉ 240 ሕፃናትን ተከታትለዋል። ዕድሜያቸው ከ3 ወር እስከ 59 ወር ነው። ግማሾቹ፣ ማለትም 120ዎቹ ቤታቸው ድረስ በሳምንት አንድ ጊዜ ሰው እየሄደላቸው ለስድስት ወር በጨዋታ ታገዙ። አንዱ ጉብኝት አንድ ሰዓት ያህል ነው። የቀሩት 120 ልጆች ይህ የጨዋታ እገዛ አልተደረገላቸውም። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2018 ታትሟል። የታገዙት ልጆች በተለይ በቋንቋና ከሰው ጋር በመግባባት ከሌሎቹ የተሻለ እድገት አሳይተዋል።

ተመራማሪዎቹ መለኪያቸውን እንኳ እንዳለ ከውጭ አላመጡትም፤ ለጅማ ልጆች ኑሮ እንዲስማማ አስተካክለውታል። እኛን ያስገረመን ግን የሰዓቱ ማነስ ነው። በሳምንት አንድ ሰዓት! እኛ ለዱላው ስንቱን ማታ አውለነዋል።

የቡና ወራት ሲመጣ

አሁን ወደ ጥያቄያችን እንምጣ። ከመስከረም መጨረሻ ጀምሮ እስከ ታኅሣሥ ድረስ አካባቢያችን ምን እንደሚመስል ሁላችሁም ታውቃላችሁ። በጎማ፣ በመና፣ በሊሙ፣ በጌራ እሸቱ ቡና ሲቀላ እናቶች ጎሕ ሳይቀድ ወደ ለቀማ ይወጣሉ። ከተማ የቀሩትም መጋዘን ይውላሉ። ትልቁ ልጅ ትምህርት ቤት ይሄዳል። የሦስትና የአራት ዓመቱ ልጅ ወይ በእናቱ ጀርባ ወደ ቡናው ይወጣል፣ ወይ ከሰባት ዓመት እህቱ ጋር ቤት ይዘጋበታል። እህትየውም ከትምህርቷ ትቀራለች። ሁለት ልጅ በአንድ ጊዜ ይጎዳል ማለት ነው። ከእኛ ዕድር መካከል ይህ የሚሆንበት ቤት የለም የሚል ካለ እጁን ያውጣ።

የእኛ ጥያቄ ይህ ነው። ዕድራችን የዕቃ ግምጃ ቤትና ሰፊ በረንዳ አለው፤ ለቅሶ ከሌለ ባዶውን ይውላል። በቡና ወራት፣ በሳምንት ሦስት ቀን፣ ጡረታ የወጣን አባላት ሁለት ሁለት እየሆንን በተራ ብንውልበት፣ እናቶቻቸው ለሥራ የሚወጡትን ትንንሽ ልጆች ማሰባሰብ እንችላለን። ምንጣፉ አለ፣ ወንበሩ አለ። ተረቱና እንቆቅልሹም አለ። የሚያስፈልገው ውሃ፣ ጥቂት ቆሎና ሁልጊዜ ሁለት ትልቅ ሰው ነው። አንድ ሰው ብቻውን ከልጆቹ ጋር አይሁን፤ ወላጅም በፈለገ ሰዓት ይግባ። ጨንገር ግን ከበሩ አይለፍ።

ለቅሶ ከመጣ በረንዳው ለለቅሶ ይሆናል፤ በዚህ ላይ ክርክር የለንም። «ልጅ ቢጎዳስ ተጠያቂው ማነው?» የሚለውም ተገቢ ጥያቄ ነው። ኮሚቴው መክሮበት ለሚቀጥለው ስብሰባ ያቅርብልን እንላለን። ዛሬ እሺ በሉን አላልንም።

ስለ ልጅቱ አንድ ነገር ተናግረን እንጨርስ። ከመስከረም ጀምሮ ትምህርት ቤት ገብታለች። ክፍል ውስጥ ከሁሉ የበለጠች አይደለችም። በቁቤ ስትጽፍ ታደባልቃለች፣ አንዳንዴም ወደ ኋላ ትጽፋለች። መምህርቷ ግን «የምትጠይቅ ልጅ ናት» አለችን። እኛ ይህ ይበቃናል። ሌላው ግን አልበቃንም። እስከ ዛሬ ድረስ ወንዱ አያቷ ከመደርደሪያው ላይ እርሳስ ሊያወርድ እጁን በድንገት ሲያነሣ ልጅቱ ትከሻዋን ትሰበስባለች። ገበታውን በአንድ ቀን አወረድነው፤ ይህን ግን ገና አላወረድነውም። በየቤታችሁ ትንሽ ልጅ ያላችሁ ሁሉ፣ ከመጀመሪያው እጃችሁን ለዚህ አታንሡ ብለን እንለምናችኋለን።